ሰባት ጭስ

አንድ ጨው ነጋዴ ነበረ። አንተ ባዘዘው፣ «ሕግ አልጣስኩም፤ ታዲያ በደሌ ምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛልና መልሴ ይኸው ሰው ነው፤ ቁጭ ብለህ ስማ።

ይህ ነጋዴ ከባዶ እጁ ተነሥቶ ሰው የሆነ፣ ሳይቆጥር የማይራመድ ነበረ። በአንድ የግንቦት ወር ጨው ጭኖ ደጋውን ሲያቋርጥ በቅሎው አነከሰችበት። ቀና ሲል ከገደሉ አፋፍ ላይ መንደር አየ። ከጣራዎቹ የሚወጣውን ጭስ ቆጠረ፤ ሰባት ነበረ። እየጎተታት ወጣ።

መንደሩ ሥርዓቱ ጥብቅ ነው። ገና ከደጅ ሳለ ነገሩት። እንግዳ በአንድ ቤት ሦስት ቀን ያድራል። ብቻውን ይበላል፤ ባለቤቶቹ ጉርሻውን እንዳይቆጥሩ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጣሉ። ሲጠግብ ገበታውን ከድነው ወደ ጓዳ ይገባሉ፤ የቀረውን እዚያ ይበላሉ። እንግዳ ጓዳ አይገባም። ለእንግዳ «የለም» አይባልም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጫማው ጭቃው ተጠርጎ ደፉ ላይ ይቀመጥለታል፤ ያንን ጫማ ያየ ጎረቤት ደግሞ «ይግቡ» ካላለው ነውር ነው።

በስድስተኛው ቀን በቅሎዋ ዳነች። ነጋዴው ግን አሰበ። ቤቱ ሰባት ነው፤ ሦስት ሦስት ቀን፣ ሃያ አንድ። አገሩ ቢመለስ የሚበላው ከራሱ ጎተራ ነው። ማንንም አላታለለም፤ ከተፈቀደለት አንዲት ቀን አላሳለፈም። ጫማው ሲወጣ አብሮ ይወጣል፤ ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል። በአራተኛው ቤት አንዲት ሴት እጁን እያስታጠበችው፣ «የኛ እንግዳ ቀን አቆጣጠሩ ከቄሳችን ይበልጣል» አለችና ሳቀች። ሙገሳ መስሎት አብሯት ሳቀ።

የሚቀርብለት የገብስ ቂጣ ከቤት ወደ ቤት ሲያንስ አስተውሏል። እርሻውም ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ሳይዘራ መቆየቱን አየ። በሰባተኛው ቤት ሽማግሌውን ጠየቃቸው።

«አባቴ፣ ሰኔ ገባኮ። ምነው ዘሩን አትበትኑም?»

«መሬቱ ትንሽ ውኃ ይጠጣ ብለን ነው» አሉ ሽማግሌው፣ ጀርባቸውን እንደ ሰጡት።

ደግሞም በየቤቱ ከጓዳ የማንኪያና የጣባ ድምፅ ይሰማ ነበርና፣ «እነሱም ይበላሉ» ብሎ ልቡን አሳርፎ ነበር።

በመጨረሻው ጠዋት በልቶ፣ አመስግኖ፣ በቅሎውን ጭኖ ሲያበቃ ጅራፉን መርሳቱን አወቀ። ተመለሰ። ጅራፉ በጓዳው መግቢያ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል። እጁን ሲዘረጋ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠው። ሽማግሌው፣ ሚስታቸውና ሁለት የልጅ ልጆቻቸው ባዶ ገበታ ከበው ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ በእንጨት ማንኪያ ባዶ ጣባ ይመታሉ። ከኋላቸው፣ ከከሸፈው መኸር የተረፈችው ጥቂት ዘር የነበረችበት ጎታ አፉ ተከፍቶ ውስጡ እስከ ጥጉ ተጠርጓል።

ማንኪያው ቆመ።

«ምን ረሱ፣ እንግዳዬ?» አሉ ሽማግሌው።

«ጅራፌን።»

«ይውሰዱ እንጂ።»

ወሰደና ወጣ። ቁልቁለቱን ሲወርድ የጣሰውን ሥርዓት አንድ በአንድ ፈለገ፤ አላገኘም። መጋረጃውን እንኳ የገለጠው ነፋሱ ነው።

የማንኪያው ድምፅ ግን ከጆሮው አልወጣ አለ። በኅዳር፣ የሌላው አገር አውድማ ሲሞላ፣ በሁለት አህያ ገብስ ጭኖ ዳገቱን ወጣ። አፋፉ ላይ እንደ ልማዱ ጭሱን ቆጠረ። አንድ ነበረ። እርሻው ላይ የቆመው አረም ብቻ ነው።

ሽማግሌውን ከአንዲት የልጅ ልጃቸው ጋር በር ላይ ተቀምጠው አገኛቸው።

«ሰዉስ?» አለ።

«ቆላ ወረደ፣ እንጀራ ፍለጋ። የወባው ንዳድ ማንን እንዳተረፈ አልሰማንም። ሌላውን የልጅ ልጄንም ይዘውት ሄዱ። ሚስቴ እዚሁ ናት» አሉና ከቤቱ ጀርባ ያለውን የድንጋይ ክምር አሳዩት።

ከዚያ፣ ሥርዓት ነውና፣ እግሩን አጠቡት። ገበታ አቀረቡለት፤ ጀርባቸውንም ሰጡት። ገበታው ላይ ከአረሙ መካከል የተለቀመ የገብስ ቆሎ ነበረ። ነጋዴው ቆጠረው፤ አሥራ ዘጠኝ ፍሬ።

«አልበላም፣ አባቴ» አለ። «እናንተ ብሉ።»



«ይህችን ቃል በግንቦት ብለዋት ቢሆን ኖሮ፣ እንግዳዬ» አሉ ሽማግሌው ሳይዞሩ፣ «ዛሬ ሰባት ጭስ ይቆጥሩ ነበር።»

ባዘዘው፣ ያ ነጋዴ አንተ ነህ። የመስኖው ውኃ ማክሰኞና ቅዳሜ ያንተ ነው፤ ተራውን ስንደለድል እኔም ነበርኩ። ከተራህ አላሳለፍክም፤ የሰው ተራ አልነካህም። ማሳህ ከጠገበ በኋላ ግን የተረፈውን ወደ ገደል ትለቀዋለህ። ከአንተ በታች ያለችው እናኑ ሽንኩርቷ እየጠወለገ አንድ ቀን «አጠጣልኝ» ብላህ አታውቅም፤ መንገድ ላይ ስታገኝህም በፈገግታ ሰላም ብላህ ታልፋለች። ያ ሰላምታ የማንኪያው ድምፅ ነው፤ ልብህን አታሳርፍበት። ቦዩን ሄጄ አይቼዋለሁ። ላንተ ማሳ ከማለዳ እስከ ረፋድ ይበቃዋል። ነገ ማክሰኞ ነው፤ ተራው ያንተ ነው። የእሷ ሐሙስ ነው፤ ሽንኩርቱ ሐሙስን አያይም።