ጨው የማይገባበት ቀን

በሰኔ ሚካኤል ማግስት ጉዶ በር ገብታችሁ ጨው የሌለው ወጥ ቢቀርብላችሁ፣ ባለቤቲቱ ረስታ ነው ብላችሁ ታልፋላችሁ ወይስ ምክንያቱን ትጠይቃላችሁ? ጉዶ በር ከኮረብታው ቤተ ክርስቲያን ሥር፣ ከጠለሞ ወንዝ ከፍ ብላ የተቀመጠች ትንሽ የገበያ ከተማ ናት። በዚያ ቀን ከባለጸጋው ቤት እስከ ጠላ ቤቱ ድረስ ማንም ምግቡ ውስጥ ጨው አይጨምርም።

እንደሚነገረው፣ ድልድዩ ሳይሠራ ከተማዋን ያቆማት ከሩቅ በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነበር። ጠለሞ ሲሞላ ነጋዴውንም ጭነቱንም የሚያሻግሩት የከተማዋ ዋናተኞች ሲሆኑ፣ የነበራቸውም በተነፉ ስልቻዎች ላይ የታሰረ አንድ የእንጨት ርብራብ ብቻ ነበር። ዝናብ ካንዣበበ ጨው ይቀድማል፤ ሕጋቸው ይህ ነበር።

በአንድ የሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ትሰሜ የምትባል ሴት የመጀመሪያ ልጇን በእናቷ ቤት ልትወልድ ከባሏ አገር ስትመጣ፣ ወንዙ ዳር ምጥ እንደያዛት ይባላል። እናቷ እመት ውዴ ከከተማው በኩል ቆመው ይጠብቋታል። የዋናተኞቹ አለቃ ታላቅ ወንድሟ ጓንጉል ነበር።

«ጓንጉልዬ፣ መጀመሪያ እኔን አሻግረኝ» አለችው።

ጓንጉል ሰማዩን አየ። የጨው ነጋዴው ባሻ ቢተው ግን ቀደሙትና፣ «አይዞሽ ልጄ፣ ጨው ነው እንጂ የሚሟሟው አንቺ አትሟሚም» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ትሰሜም አብራ ሳቀች ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ እኔ ግን ይህን የሚያወሩት የተሻገሩት ሰዎች ልጆች ናቸውና አላምናቸውም።

ርብራቡ ጨው ጭኖ ሲመላለስ እሷ ዳር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተጋድማ ታምጥ ነበር። ባሻ ቢተው ከመጨረሻው ጭነት ጋር ተሻግረው አሞሌው ሲራገፍ፣ ከላይ የዘነበው ደራሽ ውኃ መጣ። ጓንጉል ዘሎ ሊገባ ሲል ሰዎቹ ያዙት፤ ድንጋዩም ትሰሜም ከእናቷ ዓይን ፊት ጠፉ። ውኃው ሲጎድል የተገኘው ድንጋዩ ብቻ ነው። ከአሞሌው አንድም አልረጠበም።

ከዚያ ወዲያ እመት ውዴ ቤታቸው ጨው አላስገቡም። በዓመቱ በዚያው ቀን ባሻ ቢተውና ጓንጉል ሽማግሌ ይዘው ይቅርታ ሊጠይቁ ቢመጡ፣ እመት ውዴ ገበታ አቀረቡላቸው። ባሻ አንዴ ጎርሰው አቆሙ።

«እመት ውዴ፣ ጨው ረስተዋል።»

«አልረሳሁም። ብሉ።»

የይቅርታ ቃል ከእመት ውዴ አፍ አልወጣም። ሽማግሌዎቹ በልተው ወጡና ይቅር ብለውናል ብለው ለከተማው አወሩ፤ በየዓመቱም በዚያ ቀን ሁሉም ያለ ጨው እንዲበላ ወሰኑ። ልማዱ እንዲህ ተጀመረ ይባላል።

ዛሬም ጠለሞ ሲጎድል ድንጋዩ ከድልድዩ ሥር ይታያል፤ ልብስ ያጥቡበታል። እኔ ከእመት ውዴ ታናሽ ልጅ ወገን የምወለድ ነኝ። ከጉዶ በር ከወጣሁ ዕድሜ ሆኖኛል፤ የብዙ አገር ታሪክ አንብቤ፣ በድሎ ሲያበቃ ምሕረቱን ለራሱ የሚያውጅ ከተማ እሷ ብቻ እንዳልሆነች አውቄአለሁ። ቀኑ ሲደርስ እኔም ያለሁበት ሆኜ ያለ ጨው እበላለሁ። እመት ውዴ ማንንም ይቅር አላሉም። እኔም ማንንም ይቅር አልልም።