ቁልፍ መያዣው እና ያልተሰማው ቃል

አንድ አባት ነበሩ። ሆሳዕና ከተማ፣ ከገበያው በላይ ባለው ሰፈር፣ ሁለት ክፍል በሆነች የጭቃ ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። ይህን ከአሁኑ ያዙልኝ። ክፉ ናቸው ብላችሁ ከጀመራችሁ «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ ትተኙብኛላችሁ።

ኢዮስያስ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ልጁ «ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ» ብሎ ተነሣ። የሰፈሩ ወጣት ግማሹ ሄዷል፤ የሄደው ሁሉ ግን አልደረሰም። አባትየው ይህን ያውቃሉ። ለመኑት፣ ተቆጡት፣ ሽማግሌ አስቀመጡበት። እምቢ አለ።

መንገደኛ ልጅ ምን ያደርጋል? ታውቃላችሁ። ይንበረከካል። አባት እጁን ይጭንበትና ይመርቀዋል። ኢዮስያስም በመሄጃው ዋዜማ መጥቶ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አባዬ፣ ሳትመርቀኝ ልሂድ?»

«ሞትህን አልመርቅም!» አሉት።

ልጁ እንደተንበረከከ ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ ወደ ክፍሉ ገባ።

ልብ በሉ፤ ያን ቃል ያናገራቸው ፍቅር ነው። ወይ ፍቅር! ስንቱን መርዝ በስሙ እናጠጣለን?

ያን ምሽት ከግድግዳው ወዲያ ልጁ ብቻውን ሲያወራ ተሰማቸው። ለረጅም ጊዜ አወራ። ቃሉ አይለይም፤ ድምፁ ብቻ ነው። «ከማን ጋር ነው የሚያወራው?» አሉ በልባቸው። ተነሥተው ማንኳኳት ይችሉ ነበር። አልተነሡም። ሲነጋ ልጁ ሄዷል።

ከድንበር ማዶ አንዴ ደወለ። መስመሩ ይቆራረጣል። «አባዬ፣ ፊትህ ቆሜ መናገር ያቃተኝን ኮምፒውተሬ ላይ በድምፄ ቀድቼልሃለሁ። የሚያውቅ ሰው ይክፈትልህና ስማው።»

ሰሙት? አልሰሙትም። ለምን? ፈሩ። «ረግሞኝ ቢሆንስ?» አሉ። ኮምፒውተሩን ዳንቴል አለበሱት፤ አቧራውን እየጠረጉ አከበሩት። «ሲመለስ ራሱ ይከፍትልኛል» አሉ።

አልተመለሰም። በጭነት መኪና ተደብቀው ሲጓዙ እሱን ጨምሮ ብዙዎቹ ታፍነው እንደሞቱና እዚያው መንገድ ላይ እንደተቀበሩ ከሞት የተረፈ ጓደኛው ደውሎ ነገራቸው። ድንኳን ተተከለ። አስከሬን የለም፤ ፎቶግራፍ ፊት ተለቀሰ።

ለቀስተኛው ሲበተን እኚህ አባት አንድ ነገር ብቻ ፈለጉ። ይቅር ብሏቸው እንደሞተ ወይስ እንዳዘነባቸው ማወቅ። ጢማቸውን ሳይላጩ ኮምፒውተሩን በጆንያ አዝለው ካሌብ ወደሚባል ጠጋኝ ሱቅ ሄዱ።

ካሌብን ብታውቁት ትወዱት ነበር። ምላሱ ቅቤ ነው። በፊት የተበላሸ ኮምፒውተር ሲመጣለት አፉ የሚቀድመው «ውስጡ የምትፈልጉት ነገር አለ?» በሚል ጥያቄ ነበር። በኋላ ግን ሌላ ሙያ አወጣ። የሞተ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር፣ ያቺ ከሥሯ ወርቃማ መርፌ የሞላባት ማሰቢያዋ ማለት ነው፣ ትነቀላለች፣ በአልኮል ትታሻለች፣ ጥጓ በመሰርሰሪያ ይበሳና ቀለበት ይገባባታል። ቁልፍ መያዣ! ተመራቂ ይገዛዋል፣ ሙሽራ ይገዛዋል። የሱቁ ግድግዳ በሬሳ አጌጠ። ከዚያ ወዲህ ያችን ጥያቄ መጠየቅ ተወ። ሬሳ የሚያተርፍ ከሆነ የሚያድን ማን አለ?

ካሌብ ማብሪያውን ተጫነ፤ ዝም። ከፍቶ አየ፤ ዳንቴሉን አልፎ የጣሪያ ፍሳሽ ገብቶበት ዝጓል።

«ጋሼ፣ ይሄ አልቆለታል። ነፍስ ይማር በሉት!» ብሎ ሳቀ።

ሰውዬው አልሳቁም። እስቲ እናንተ ብትሆኑ፣ ለዚህ ለሚስቅ ልጅ «ልጄን ሳልመርቀው ሞተብኝ» ትሉታላችሁ? አፈሩ። አፍረው ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ልጄ፣ ከዚህ ሁሉ ዋናው የቱ ነው?»

ካሌብ ፕሮሰሰሯን ነቅሎ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠላቸው። «ዋናው ይሄ ነው ጋሼ። ሁሉን የሚያዘው እሱ ነው።»

«ዋናው ከተረፈ ሌላው ምን ያደርጋል?»

«ምንም! ብረት ነው። እኔ ጋ ይቅር። ይቺን ግን ማስታወሻ ላድርግልዎት። ስም ይጻፍባት?»

«ኢዮስያስ በልልኝ።»

ጻፈ። ኢዮስያስ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። እሳቸውም አልተናገሩም።

የቤታቸውን ቁልፍ በእሷ አንጠለጠሉ። ቃሉ በእጃቸው ያለ መሰላቸው፤ የሚያናግራት መሣሪያ እስኪገኝ ብቻ ነው የቀራቸው። ምን ያህል ተጽናኑ! ጸሎት ቤት ሲቀመጡ በጣታቸው ይዳስሷታል። ሰው የሚያያቸው ሳይመስላቸው ጆሯቸው ላይ ያስጠጓታል።

አንድ እሑድ ሶስና አየቻቸው። ሶስና የጎረቤት ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ኮምፒውተር ትማራለች።

«አባባ፣ ምን እየሰሙ ነው?»

«ልጄን» አሉ። ከዚያ ለማንም ያልነገሩትን ለእሷ ነገሯት፤ ያልመረቁትን፣ ከግድግዳው ወዲያ የሰሙትን፣ ስልኩን።

ሶስና ፕሮሰሰሯን ተቀብላ አገላበጠቻት። ፊቷ ሲለወጥ አዩ።

«አባባ… ይሄ እኮ ምንም አልያዘም። ሲበራ ያስባል፤ ሲጠፋ ሁሉን ይረሳል። ድምፅ የሚቀመጠው ሌላ ቦታ ነው፤ ሀርድ ዲስክ የሚባል፣ መዳፍ የሚያክል የብረት ሣጥን አለ። ኮምፒውተሩ ቢሞትም ከእሱ ይወጣል። እሱስ የታለ?»

«ብረቱን?» አሉ። «ብረቱንማ ተውኩት።»

ሶስና እየሮጠች፣ እሳቸው እያለከለኩ ካሌብ ሱቅ ደረሱ። ካሌብ ታሪኩን ሲሰማ መሰርሰሪያው ከእጁ ወደቀ።

«ለቆራሌው ሰጠሁት» አለ። «ጋሼ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?»

«ምነው ያኔ ብትጠይቀኝ?»

«መጠየቅማ ትቷል!» አለች ሶስና። «አፉን መሰርሰሪያው ወሰደበት። ግድግዳህን እየው እስቲ፣ ካሌብ፤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያልጠየቅኸው?»

ካሌብ ግድግዳውን አላየም። ምን ብሎ ያየዋል?

ቆራሌው ጋ ሄዱ። ቆራሌው ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጢሙን ይላጫል። ፊት ለፊቱ ሚስማር ላይ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክብ ነገር ተሰቅሏል። ሶስና አወቀችው። ድምፅ የሚጻፍበት የዲስኩ ሆድ ነው።

«ይሄን ከየትኛው አወጣኸው?» አለችው።

«እኔ ምን አውቄ? ስሰባብር ከሚወጣው አንዱ ነው። ከመስተዋት ይበልጣል፤ ቢወድቅ አይሰበርም።»

«የልጄ ይሆን?» አሉ አባትየው።

«አባባ፣ ብረት ምን ስም አለው?» አለ ቆራሌው። ግን ፊታቸውን አየና ከሚስማሩ አውርዶ ሰጣቸው።

በሁለት እጃቸው ያዙት። በሳሙና አረፋ ተነካክቷል፣ ተጭሯል። ሶስና አንገቷን ነቀነቀች፤ የእሱ እንኳ ቢሆን ከዚህ በኋላ ድምፁን የሚያወጣው የለም። አባትየው ጎንበስ ብለው ልጃቸውን ፈለጉ። ምን አዩ? የራሳቸውን ፊት። ያልተላጨ ጢም፣ ሁለት የቀሉ ዐይኖች። ሌላ ምንም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ነገር ግን…» እስክል ትጠብቃላችሁ። አውቃችኋለሁ። ታሪክ ሁሉ በእልልታ ካላለቀ ስብከት አይመስላችሁም። ዲስኩ ሌላ ቦታ ተገኘ፣ ልጁ በሕልም መጥቶ ይቅር አላቸው እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። አልተገኘም። አልመጣም። «እግዚአብሔር ያውቃል» ትሉኛላችሁ። እሱማ ያውቃል! እሳቸው ግን አያውቁም። ሳያውቁም ይሞታሉ። ማታ ማታ ያችን የምታምር ነገር ይዘው በራቸውን ይከፍታሉ። በሩ ይከፈታል። ከውስጥ «ማነው?» የሚል የለም።

ወገኖቼ፣ ዋናው የቱ ነው?

መኪናችሁ ውስጥ ያንጠለጠላችሁት ነው? በዚፕ ሽፋን ታቅፋችሁት የምትመጡት፣ ዚፑ ግን ያልተከፈተው መጽሐፍ ቅዱስ ነው? የእናታችሁን ፎቶ በትልቅ ፍሬም ሰቅላችኋል፤ በሕይወት ሳለች የላከችላችሁን የድምፅ መልእክት ግን «ይረዝማል» ብላችሁ አልሰማችሁትም። ለሞተ ሰው ቲሸርት ለማሳተም አንደኛ ናችሁ! ለቆመው ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ያማችኋል። የማያስታውሰውን ወርቅ አንገታችሁ ላይ፣ ቃል የያዘውን ብረት ለቆራሌው!

ደግሞስ የምትፈሩት ምንድን ነው? እርግማን ቢሆንስ ነው? ይሁን። እኚያ አባት ዛሬ የልጃቸውን እርግማን እንኳ ቢያገኙት ተንበርክከው በሰሙት ነበር።

እናንተ ገና ናችሁ። ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ከግድግዳው ወዲያ የሚያወራ ሰው አለ። ባል ይሆናል፣ ልጅ ይሆናል፣ ያኮረፋችኋት እኅት ትሆናለች። ቃሉ አይለያችሁም፤ ድምፁ ግን ይሰማችኋል። አልሰማንም አትበሉኝ። ትሰማላችሁ።

ተነሡና አንኳኩ። ግድግዳው እኮ ጭቃ ነው።