ከፍ አልል ያለው መዝሙር

አንድ ሰው ነበር። በአንዲት አነስተኛ ከተማ፣ በአንዲት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የድምፅ መሣሪያ የሚቆጣጠር። መቼም ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ማይክሮፎኑ ሲጮህ ሁላችሁም አንገታችሁን አዙራችሁ በዓይናችሁ የምትገርፉት፣ ሳይጮህ ሲቀር ግን መኖሩ ትዝ የማይላችሁ፣ ያ ከኋላ ገመድ መሐል የሚቀመጠው ሰው ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ለበዓሉ ሲባል የሃምሳ ዓመት መዝሙር ከየቤቱ ተለቀመ። ከሣጥን ሥር፣ ከቁም ሳጥን ላይ አቧራ የጠጣ ካሴት ሁሉ ወጣ። ሰውየው እያንዳንዱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጠ፤ በፍላሽ ተቀድቶ ለምእመናን ሊታደል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት መዝሙር። የመጀመሪያውን ፍላሽ የወሰዱት የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋሽ ሉቃስ ነበሩ። በማግስቱ እየነደዱ መጡ።

«አንተ ሰው፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ? መኪና እየነዳሁ አንዱ መዝሙር ሹክ ይለኛል። ከፍ አደርገዋለሁ። ቀጥሎ ያለው ሲመጣ መሪ ያስለቅቀኛል! እጄ ከቁልፉ ላይ ሳይነሣ እኮ ነው መንገዱ ያለቀው።»

«ጋሽ ሉቃስ፣ የተቀዱት በተለያየ ዘመን ነው። አንዱ በስቱዲዮ፣ አንዱ በሰው ጓዳ…»

«ዘመኑን ለኔ አትንገረኝ፤ ኖሬበታለሁ። አንተ ብቻ አንድ ልክ አድርግልኝ!»

አንድ ልክ አድርግልኝ። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ በየመዝሙሩ ውስጥ ከሁሉ የበረታውን ድምፅ ይፈልጋል። ያ ድምፅ ከተሰመረለት መስመር እስኪደርስ ድረስ መዝሙሩን በሙሉ ያነሣዋል፤ ካለፈም ያወርደዋል። ሹክ የሚለው ከፍ አለ፤ የሚጮኸው ዝቅ አለ። በአንድ ከሰዓት በኋላ የሃምሳ ዓመት ድምፅ ትከሻ ለትከሻ ቆመ። ደስ አይልም? ሰውየውም ደስ አለው።

አንድ መዝሙር ብቻ አልነሣ አለ።

እሱም የእትዬ አመለወርቅ ነበር። እትዬ አመለወርቅ በዕድሜ የገፉ መዘምር ናቸው፤ ጆሯቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው። ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለው ያመጡለት ዕለት እጁን ይዘው፣ «ልጄ፣ ቀስ ብለህ ያዛት» አሉት። «እህቴ ጌጤ አለችበት። ፎቶ እንኳ የላትም፤ የቀረችኝ እዚህች ላይ ብቻ ናት። ጆሮዬ ጨርሶ ሳይደፈን አንዴ ብሰማት ብዬ ነው።»

«አይዞዎት እትዬ፣ አሰማዎታለሁ» አለ። ቃል ገባ።

ካሴቱ አርጅቶ ነበር። አንድ ጊዜ ሙሉውን ተገለበጠ፤ ልክ እንዳበቃ ክሩ በማጫወቻው ጥርስ ተጠምጥሞ ብጥስጥሱ ወጣ። ሰውየው ደነገጠ፤ ግን «ግድ የለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል» ብሎ ራሱን አጽናና።

መዝሙሩ የተቀዳው በደርግ ዘመን፣ ቤተ ክርስቲያን ታሽጎ ምእመናን በሰው ቤት በሚሰበሰቡበት ጊዜ ነው። ዘማሪ ለሌላት የሌላ ከተማ ጉባኤ በድብቅ ሊላክ። መስኮቱ በብርድ ልብስ ተጋርዶ፣ ስድስት ሰው በትንፋሹ ይዘምራል። ትንፋሽ ነው የሚሰማው እንጂ ድምፅ አይባልም። ታዲያ ለምን አልነሣ አለ? ከመዝሙሩ በላይ አንድ ነገር ይጮህ ነበርና። ዱም። ዱም። ዱም። በርበሬ የምትወቅጥ ሴት አለች። ዘነዘናው ሙቀጫውን በመታ ቁጥር መስመሩን ይነካል፤ ፕሮግራሙም «ይህ መዝሙር ከፍ ብሏል፣ ይበቃዋል» ብሎ ያልፈዋል።

«ምን ዓይነት ጎረቤት ናት!» አለ ሰውየው ተናዶ። «በርበሬ መውቀጫ ሌላ ቀን አጣች?»

ከሥራ መልስ አምስት ቀን ሙሉ ተቀመጠበት። የሙቀጫውን ምት አንድ በአንድ እየለየ አጠፋ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ምት ነው። ልብ በሉ፣ ሰነፍ አልነበረም። ክፉም አልነበረም። የሚደክመው ለእትዬ አመለወርቅ ነው፤ ጌጤን ሊያወጣላቸው ነው። ዘነዘናው ሲወገድ ትንፋሹ ተነሣ፣ ድምፅ ሆነ፣ ድምፁም ሰው ሆነ። ሦስት ሴቶች ለየ። ከሦስቱ አንዷ ቀጭን ናት፤ ሐረጉ ሲያልቅ ትንሽ ትዘገያለች። «ጌጤ ይህች ናት» አለ። ብቸኛ ሰው ስለነበር በሐሳቡ መልክ ሠራላት፦ ዓይናፋር፣ ጠይም፣ ስትዘምር ወደ መሬት የምታይ። አምስት ቀን አብራው ሰነበተች።

መጨረሻው ላይ መዝሙሩ ሳያልቅ ድንገት ይቋረጥ ነበር፤ ቃል መሐል ላይ። ይህም አላማረውም። ቀስ እያለ እንዲሰልል አድርጎ አለሳለሰው።

«በነበረው ላይ ይተካ?» ብሎ ጠየቀው ኮምፒውተሩ።

«አዎ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮምፒውተሩን ይዞ እትዬ አመለወርቅ ቤት ሄደ። ማዳመጫውን በእጁ አጠለቀላቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው መዝሙሩን ተከተለ። ሰውየው ፊታቸውን እያየ ጠበቀ። አለቀ። ዓይናቸውን አልገለጡም።

«ድገመው።»

ደገመው።

«ጌጤ የት አለች?»

«ይህችኛዋ ናታ፣ እትዬ፤ ቀጭኗ።»

«ኧረ ያቺ ብርነሽ ናት! ጌጤማ አንድ ቀን ገብታ ዘምራ አታውቅም። ሙቀጫውስ አንተ፣ ሙቀጫው የት ገባ?»

«ሁከት መስሎኝ አጠፋሁት» አለ ሰውየው።

«ደጅ ተቀምጣ ትወቅጥልን ነበር» አሉ እትዬ አመለወርቅ ቀስ ብለው፤ እንደማያውቅ አሁን ገብቷቸዋል። «ሙቀጫው ባዶ ነው፤ ያኔ በርበሬስ ከየት ይመጣል? ድምፃችን ወደ መንገድ እንዳይወጣ ነው። ስትወቅጥ ደህና ነው ማለት ነው። ካቆመች ሰው መጣ ማለት ነው። ያን ቀን አቆመች። እኛ በጓሮ ወጣን። እሷን ወሰዷት። በስምንተኛው ወር ለቀቋት፤ ክረምቱን አልዘለቀችም።»

ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«መዝሙር ትወድ ነበር እኮ። ‹እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ውቀጪ፣ እኔ ልግባ› ትለኝ ነበር። ‹ነገ› እላታለሁ። ድምፄ ያምራል ይሉኛላ። ‹ነገ፣ ጌጥዬ።›»

ሰውየው ኮምፒውተሩን አየ። ፋይሉን አየ። በነበረው ላይ ተተክቷል። ክሩ ተበጥሷል። በዓለም ላይ ጌጤ ትታው የሄደችው ሁለት መቶ አሥራ አራት ምት ነበር፤ አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ በገዛ እጁ አጥፍቶታል።

«እትዬ፣ ሌላ ሙቀጫ ልቅዳና ልጨምርበት?» አለ። ምን ይበል?

«የማንን እጅ ልትቀዳ ነው ልጄ?»

አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ማዳመጫውን አውልቀው ጭኑ ላይ አስቀመጡለትና፣ «መዝሙሩስ ጥርት ብሏል» አሉት።

የበዓሉ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞላ። ያ መዝሙር ተከፈተ፤ ከሌሎቹ ጋር አንድ ልክ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ። ሰው አለቀሰ፣ እልል አለ። ጋሽ ሉቃስ ወደ ኋላ ዞረው፣ «ይሄ ነው ሥራ!» ብለው አውራ ጣታቸውን አነሡለት። ሰውየው ግን አያያቸውም። እሱ የሚያየው ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡትን እትዬ አመለወርቅን ነው። የጨበጡት እጃቸው ጉልበታቸውን ይመታል። ዱም። ዱም። ዱም። ምንም አይሰማም፤ ይታያል ብቻ። መጨረሻው ሲቃረብ፣ መዝሙሩ ገና ሳይሰልል፣ እጃቸው አየር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ከዚያ መዝሙሩ ሰለለ፤ ጠፋ። ሕዝቡም አጨበጨበ።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። በሰውየው እየፈረዳችሁ ነው? አትፍረዱ። ማን ነው ከእናንተ ውስጥ ቤቱን «አንድ ልክ» ለማድረግ ያልሮጠ? እናንተ የምትዘምሩበት ቤት በር ላይ ማን ተቀምጧል? ስለ ሥራችሁ ስታወሩ በር እየከፈተች «በላችሁ ወይ?» የምትላችሁ ማን ናት? ማታ በራችሁ መዘጋቱን ሦስት ጊዜ የሚፈትሸው፣ ሳሉ እንቅልፍ የሚነሣችሁ ሽማግሌ ማን ነው? «ምነው ዝም ባሉ!» አላላችሁም?

እግዚአብሔርስ ከሁሉ የበረታውን ድምፅ ብቻ የሚለካ ይመስላችኋል? እሱ ዘንድ የዚያ መስኮቱ የተጋረደ ቤት መዝሙር ከሙቀጫው ጋር ነው የደረሰው። አልለየውም። እኛ ነን የምንለየው፤ ይህ ዝማሬ ነው፣ ያ ሁከት ነው የምንል። ደጅ ላለው ሰው «ነገ ትገባለህ» የምንለውም እኛው ነን። እትዬ አመለወርቅ ያቺን «ነገ» አርባ ዓመት ተሸክመዋታል። አልቀለለቻቸውም።

ሰውየው ዛሬም ከኋላ፣ ገመድ መሐል ይቀመጣል። ማስተካከሉን አልተወም፤ ሥራው ነው። ግን አንዳች ነገር ከማጥፋቱ በፊት እጁን ያነሣና «ይህ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የዘገየች ጥያቄ ናት፤ ጌጤን አትመልስለትም።

እናንተ ግን ዛሬ ወደ ቤት ስትገቡ፣ ያ የሚያሰለቻችሁ ድምፅ ካለ፣ ተመስገን በሉ። እየወቀጠ ነው ማለት ነው። ሂዱና «ነይ ግቢ፤ እኔ ልውቀጥ» በሉ። ነገ አትበሉ። ያ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚሰማችሁ ያቆመ ቀን ነውና።