ለቆቅ ዋስ የሆነው አንበሳ

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ይህን ተረት አበድራችኋለሁ፤ ወለድ ግን አልጠይቅም፣ እንደ ዝንጀሮው አይደለሁም።

ድሮ ድሮ፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ ዝናብ የጠፋበት አንድ ክረምት ነበር። እህል የተረፈው ለአያ ዝንጀሮ ብቻ ነው። ከየት አመጣው አትበሉኝ፤ ከሰው ማሳ ነዋ! እመት ቆቅ አራት ጫጩቶቿ ቢራቡባት ሄዳ አንድ ቁና ማሽላ ተበደረች። ለመኸር ሁለት ቁና ልትመልስ፣ የምትኖርበትን ቁጥቋጦም መያዣ አድርጋ ሰጠች። ምን ምርጫ ነበራት?

የአገሩ ንጉሥ አያ አንበሳ የድሆችን እሮሮ ሰምቶ ተቆጣ። አዋጅ ነጋሪው ቁራም ዛፍ ላይ ወጥቶ ለፈፈ፦ «ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ወለድ ክልክል ነው!» አገሩ እልል አለ። በቤተ መንግሥት ሰንጋ ተጣለ።

መኸር ሲደርስ ቆቅ አንድ ቁና ማሽላዋን ይዛ ሄደች።

«ሌላዋስ ቁና?» አለ ዝንጀሮ።

«ወለድ ተከልክሏል እኮ!»

«ሕግማ ይከበራል! ወለድ ማን ጠየቀሽ? ይህ የጎተራ መክፈቻ ነው። ያመጣሽው ለመክፈቻው ሆነ፤ ዋናው እዳሽ እንዳለ ነው።»

ቁራ እንደገና ለፈፈ፦ «ስማ! ስማ! የጎተራ መክፈቻ ክልክል ነው!» እልል ተባለ፣ ሰንጋ ተጣለ። ቆቅ ማሳ ለማሳ ቃርማ ሌላ ቁና ወሰደች። ዝንጀሮም «ሕግማ ይከበራል! ይህ እህሉን ለሰፈርኩበት፣ የሰፋሪ ድካም ነው» ብሎ ተቀበላት። ዋናው እዳ አሁንም እንዳለ ነው። ወይ ጉድ!

የምትቃርመው ሲያልቅ ዝንጀሮ መጣባት። «ወይ ዋስ ጥሪ፣ ወይ ከነጫጩቶችሽ ቁጥቋጦውን ልቀቂ» አላት። ከቁጥቋጦ የወጣ ጫጩት ደግሞ የጭልፊት ምሳ ነው። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ሦስተኛው አዋጅ ወደሚለፈፍበት ሸንጎ ሄደች።

ቁራ «የሰፋሪ ድካም ክልክል ነው!» ብሎ ሳይጨርስ፣ ንጉሡ «ከእንግዲህ በአገሬ አንድም ድሃ አይበደልም!» አለ። ቆቅ እግሩ ሥር ወደቀች።

«ጌታዬ፣ እንግዲያው ዋስ ይሁኑኝ።»

በሸንጎ ፊት የተጠራ ዋስ እንዴት እምቢ ይላል? ነውር ነው። «ሆንኩ!» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ዝንጀሮ ጮቤ ረገጠ። እንዲህ ያለ ዋስ የት ይገኛል! በዋስ የተሰጣት ቀጠሮ ደርሶ ቆቅ «የለኝም» ስትለው ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሰ።

«ጌታዬ፣ ዋናው አንድ ቁና። የቀጠሮ ማራዘሚያ ሁለት። ዋስ የመመርመሪያ ሦስት። እዚህ ድረስ የመጣሁበት የእግር ሁለት።»

«ከእኔ ጎተራ ስምንት ቁና? ይህ የከለከልኩት ወለድ አይደለም እንዴ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሕግማ ይከበራል! ስሙ ሌላ ነው።»

«እንግዲያው ደረሰኝህን ውሰድ» አለና አንበሳ በጥፊ አጮለው።

«ጌታዬ፣ ጥፊ እኮ ራስዎ ባወጁት አዋጅ ክልክል ነው!»

«ጥፊማ ክልክል ነው። ይህ ደረሰኝ ነው። ስሙ ሌላ ነው።»

ዝንጀሮ ስምንት ደረሰኝ ተቀብሎ ወጣ። ቆቅ በትርፍ የከፈለችው ቁና ተመለሰላት፣ ቁጥቋጦዋም ቀረላት። ቁራ ደግሞ ለፈፈ፦ «ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ካበደሩት በላይ መጠየቅ ክልክል ነው!» አገሩ እልል አለ። ቆቅ ግን አላለችም። «ሦስት አዋጅ ያላዳነኝን፣ ከንጉሡ የተጠየቀው ስምንት ቁና አዳነኝ» አለች ለጫጩቶቿ።

እናንተም ያበደርኳችሁን ለልጆቻችሁ ስትከፍሉ፣ ይህችን ሳትቀንሱ ክፈሉ፦ ባለአዋጁ ሳይነካ፣ አዋጅ አይነቃም ለካ።