የውሃ ሽታ የሆነው ጨው

አንድ ሰው ነበረ። አትክልተኛ ነው፤ ሽንኩርት ያለማል። ከማሳው ራስጌ ዙሪያውን በድንጋይ ገንብቶ ወለሉን በጭቃ የለሰነው ኩሬ ነበረው። የክረምቱን ዝናብ እዚያ ያጠራቅምና በጋውን ሙሉ ከእሱ እየቀዳ ሽንኩርቱን ያጠጣል። ሌላ ውሃ አልነበረውም። ይህን ያዢልኝ፣ ማስተዋል፤ በኋላ እንፈልገዋለን። «ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ካልታየ፣ አለ የሚያሰኘን ምንድን ነው? ጠፋ ብንልስ?» ብለሽ የጠየቅሽኝንም አልረሳሁትም። የሳይንስ መምህራችን ተረት ጀመረ ብለሽ አትሳቂ፤ ቁጭ በይና ስሚኝ።

የአትክልተኛው ጎረቤት በሬ አድላቢ ነበር። ግቢያቸውን የሚለየው የቅንጭብ አጥር ብቻ ነው። አድላቢው አጥንቱ የወጣ በሬ ይገዛና ጥቂት ወራት ቀልቦ ሲያወጣው፣ ያ በሬ መሆኑን የሸጠለት ሰውም አይለየውም። ከሁሉም ደግሞ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ የሚሉት በሬ ነበረው። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ አጥሩ ዘንድ ቆሞ ቦራን ሳያደንቅ አይሄድም።

አትክልተኛውን ይህ አንገበገበው። የእሱም ሽንኩርት የተመሰገነ ነበር፤ ገበያ ላይ ሌላ ሳያዩ የእሱን ጠብቀው የሚገዙ ነበሩ። እሱ ግን ይህ አይታየውም። አድላቢው ማለዳ በአጥሩ ላይ «እንደምን አደርህ?» ሲለው በአፉ «እግዜር ይመስገን» ይልና ሆዱ እርር ይላል። ቦራ ሲያገሳ በእሱ ላይ የሚስቅ ይመስለዋል። ከበሬዎቹ አንዱ የሳለ ቀን ደግሞ ምሳው ይጣፍጠዋል።

አንድ ቀን የገዛ ሚስቱን አጥሩ ሥር ቆማ አገኛት።

«ምን ታያለሽ?» አላት።

«ቦራን ነዋ። ቆዳው እንዴት ያብረቀርቃል፣ መስታወት እኮ ነው።»

«የእኔን ሽንኩርት አይተሽ እንዲህ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

ሚስቱ ሳቀች። «ኧረ አንተ ሰውዬ! አሁን ሽንኩርት ከበሬ ጋር ይፎካከራል?»

ሳቋ ክፋት አልነበረበትም። እሱ ግን እንቅልፍ አጣበት። ከዚያ በኋላ ሥራውን እየተወ አጥሩን ተጠግቶ አድላቢው ምን እንደሚያደርግ ይሰልል ጀመር። በመጨረሻም አገኘሁት አለ። አድላቢው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አሞሌ ጨው ያመጣና ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ፈርፍሮ ያኖራል። በሬዎቹ ይልሱና ውሃ ይጠጣሉ፣ ውሃ ሲጠጡ ገለባውም ይጥማቸዋል። «በሬውን በሬ ያደረገው ጨው ነው» አለ አትክልተኛው። «እስቲ ያለ ጨው ይሞክራት።» አድላቢው የዓመቱን አሞሌ ሁሉ በገለባ እየጠቀለለ ከጓሮ ባለች ጎጆ ደርድሮ እንደሚያስቀምጥ አገሩ ያውቃል።

ከዕለታት አንድ ቀን ሰው ሁሉ ለቅሶ ወጣ። አትክልተኛው «ወገቤን ይዞኛል» ብሎ ቀረ። መንደሩ ጭር ሲል በአጥሩ ሾልኮ ገባና አሞሌውን አንድም ሳያስቀር ወደ ግቢው አጋዘው።

ካጋዘው በኋላ ነው የጨነቀው። የት ያድርገው? ቤት እንዳያስገባው ሚስቱ አለች። እንዳይቀብረው የተቆፈረ አፈር ያስታውቃል። ያቃጠልኩት እንደሆነስ ብሎ ስባሪ ወደ ምድጃው ወረወረ። ጨው መቼ ይነዳል? እሳቱ ውስጥ ተንጣጣ፣ ተበታተነ፤ አመዱን ሲጭረው ግን ጨውነቱን ሳይለቅ እዚያው አገኘው። ሌላ ስባሪ አንስቶ ውሃ ያለበት ቅል ውስጥ ጣለና በእንጨት አማሰለ። ስባሪዋ አነሰች፣ አነሰች፣ ታጣች። ቅሉን ወደ ብርሃን አዘነበለና አየ። ጥርት ያለ ውሃ ብቻ ነው።

«የውሃ ሽታ ሆነ!» አለና ሳቀ።

ይህንን አባባል ሁላችንም እንለዋለን። ሄዶ የቀረ ሰው፣ ተፈልጎ የታጣ ዕቃ የውሃ ሽታ ሆነ እንላለን። አባባሉ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ አባባሉን ይዞ የሰው ንብረት ላይ የዘመተው ሰውዬ ነው። ሲሟሟ አየና ጠፋ ብሎ አመነ። አሞሌውን ሁሉ እየሰባበረ ኩሬው ውስጥ ጨመረ፤ በረጅም እንጨትም ሲያማስል ዋለ። ልብ ብሎ ቢያይ ኖሮ የውሃው ጠርዝ ከወትሮው ጥቂት ከፍ ማለቱን ባስተዋለ ነበር። ግን ዓይኑ አጥሩ ማዶ ነው እንጂ ኩሬው ላይ አልነበረም። ለቀስተኛው ሲመለስ ኩሬው እንደ ወትሮው ጠርቶ ሰማዩን ያሳይ ነበር።

አድላቢው ጎጆውን ከፍቶ ባዶ ሲያገኘው ጮኸ። በማግሥቱ አገሩ ለአውጫጭኝ ተጠራ። ሰው ሁሉ ከግራሩ ሥር ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎች እያንዳንዱን እያስነሱ ያየውን፣ የሰማውን፣ የጠረጠረውን ያናግሩታል፤ ሌባው ሳይገኝ ነገሩ አይዘጋም። የአትክልተኛው ተራ ሲደርስ ተነሣና «ያየሁት የለም፣ የሰማሁትም የለም፣ የምጠረጥረውም የለም» አለ። ቤት ለቤት ሲፈተሽ ከፈታሾቹ ፊት ፊት ይሄድ የነበረው እሱ ነው። የገዛ ቤቱን በር ራሱ ወለል አድርጎ ከፈተላቸው። ምን ይገኛል? በኩሬው አጠገብ አለፉ፣ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሽማግሌዎቹ ሌላ ቀጠሮ ሰጥተው ተበተኑ።

በሬዎቹ ጨው አጥተው ግድግዳ ይልሱ፣ የሰው እጅ ይልሱ ጀመር። የቦራም ቆዳ ደበዘዘ። አትክልተኛው በአጥሩ ቀዳዳ እያየ ደስ አለው፤ እንዲህ ያለ ደስታ ካገኘ ቆይቶ ነበር።

ዳሩ ግን የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ እሳት የነካው ያህል ከጫፉ ወደ ታች ደረቀ። ውሃ ጠምቶት ነው ብሎ ጨምሮ አጠጣው። ባሰበት። ደግሞ አጠጣው። ይኸው ነው እንግዲህ፣ የቀናበትን ሰው ጨው እየቀዳ የገዛ ማሳው ላይ ያፈስሳል። ሚስቱ የደረቀውን ቅጠል በእጇ ይዛ «ምን ነክቶት ነው?» ብትለው መልስ አላጣም።

«የዚያ ሰውዬ ዓይን ነው» አለ ወደ አጥሩ እያየ። «ቀንቶብኝ ነው።»



ፀሐዩ በረታ፣ ኩሬው ወደ ውስጥ ሸሸ። የቀጠሮው ቀን ሰው ተሰብስቦ ከግራሩ ሥር ተቀመጠ፤ ግራሩ ከአትክልተኛው ማሳ አይርቅም። የአድላቢው በሬዎች በዚያው አካባቢ ይግጡ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመጀመሪያውን ሰው ሊያስነሱ ሲሉ ቦራ ከመንጋው ተለይቶ ውሃ ፍለጋ ወደ ኩሬው ወረደ። አትክልተኛው ሊመልሰው ብድግ አለ። በሬው አጎንብሶ ውሃውን ቀመሰና ቀና አለ። ከዚያ ውሃውን ትቶ ድንጋዩን ይልስ ጀመር።

ውሃው የሸሸበት ድንጋይ ላይ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነጭ ነገር ነበር። ቦራ እየላሰ ዙሪያውን ሄደ። ሌሎቹም በሬዎች እሱን አይተው ወረዱና ግንባር ለግንባር እየተጋፉ ይልሱ ጀመር።

ሽማግሌው ወርደው ጣታቸውን ውሃው ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ከዚያ አድላቢውን በእጃቸው ጠቀሱት። እሱም ቀመሰና አትክልተኛውን አየው። «ምን አደረግሁህ?» አለው።

የአትክልተኛው ሚስት መጣች። እሷም ቀመሰች። ከዚያ ወደ ማሳው ዞራ የደረቀውን ሽንኩርት አየች፤ ዓመት ሙሉ ጎንበስ ብላ ያረመችውን።

«ያጠጣኸው ይህንን ነው?» አለችው።

አንገቱን ደፋ።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ ብለው ፈረዱ፦ «ከእንግዲህ ከኩሬው አንድ ቅል እንዳይቀዳ። ፀሐይ ውሃውን ትውሰድ፣ ጨውም ለባለቤቱ ይመለስ። የሚጠብቀውም፣ የሚፍቀውም ይኸው ሰው ይሁን።» አትክልተኛው ኩሬው አጠገብ ዳስ ጥሎ ተቀመጠ። ከፊቱ ውሃው ይጎድላል፣ ከኋላው ሽንኩርቱ ይደርቃል፤ ለሽንኩርቱ የሚሰጠው ውሃ የለም። ፀሐይ የወሰደችው ውሃውን ብቻ ነው፤ ከጨው ቅንጣት አልነካችም። ኩሬው ሲደርቅ ወለሉ ነጭ ሆነ። አትክልተኛው ፍቆ፣ ሰብስቦ፣ በአጥሩ በር አዙሮ አስረከበ። ጎደሎ ነበረው። የጎደለው የት እንዳለ አድላቢውም አልጠየቀም፤ በማሳው ውስጥ ነበር። ክረምት ገብቶ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ አጥቦ እስኪያወጣው ድረስ እዚያ መሬት ላይ ሽንኩርት አልበቀለም። ዝናቡ ያጠበውም ቢሆን ከወንዙ ጋር ወረደ እንጂ አልጠፋም።

እንግዲህ ማስተዋል፣ ጥያቄሽ ይኼ ነበር። ጨው ሲሟሟ ዓይን እስከማያየው ድረስ ደቅቆ በውሃው ቅንጣቶች መካከል ይገባል። ውሃውን ብትመዝኚው የጨው ክብደት አለ። ብትቀምሺው ጨው ነው። ብታደርቂው ጨውሽን ታገኛለሽ። ቁስ የምንለው ክብደት ያለውንና ቦታ የሚይዘውን ነው፤ ዓይንሽ ስላጣው ብቻ ከዓለም አይወጣም። ሟሟ በይ እንጂ ጠፋ አትበይ።

ቅናት ቁስ አይደለም። ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ቦታም አይይዝም፤ በፈተና ቢመጣብሽ እንዳትሳሳቺ። ሰው ውስጥ ሲገባ ግን እንደዚያ ጨው ነው፤ አይታይም እንጂ አይጠፋም። ጓደኛሽ ዝናሽ በፈተና የበለጠችሽ ቀን «እንኳን ደስ ያለሽ» ስትያት ሰምቻለሁ። ፊትሽ እንደ ኩሬው የጠራ ነበር፣ ነገሩ የውሃ ሽታ ሆነ ብለሽም ይሆናል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አብራችሁ በምትቀመጡበት ዴስክ ላይ ደብተርሽን በክንድሽ ጋርደሽ ትጽፊያለሽ። በድንጋዩ ላይ ያየሁት ነጭ ይኼ ነው። የምታጠጪውም የራስሽን ሽንኩርት ነው፤ ክንድሽን ከጣልሽበት ወዲህ ጽሑፍሽ ለእኔም አይነበብም።

ነገ ሳህን፣ ጥቂት ጨውና ውሃ ይዘሽ ነይ። አሟሚውና የክፍሉ መስኮት ላይ፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ አስቀምጪው። ውሃው እስኪሄድ መጠበቅ ለአንድ ሰው ይሰለቻል፣ ስለዚህ ከዝናሽ ጋር ጠብቁት። የምትጠሪያት ግን አንቺ ነሽ፤ እኔ አልጠራልሽም።