ከብርቄ ሞተር አልወርድም ያለችው ፍየል

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ልነግራችሁ ነው። «እሺ» በሉ እንጂ! ዝም ላለ ሰው ተረት አይነገርም፤ እንዲህ ያለው መሀል ላይ ያንኮራፋል። እሺ ካላችሁ እንግዲህ ስሙ።

ብርቄ የምትባል ሞተረኛ ነበረች። ምኞቷ አንዲት፣ ያቺውም ትንሽ። አባቷን ጋሽ ወንድይፍራውን በአሮጌ ሞተራቸው ላይ ሲሄዱ ማየት።

ይቺ ደግሞ ምን ምኞት ናት ትሉኝ ይሆናል። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ አባቷን የምታውቃቸው ከሞተሩ ሥር ተኝተው ነው፤ እግራቸው ወደ ውጭ፣ ራሳቸው ወደ ውስጥ። «አባዬ፣ ራት ቀርቧል» ስትላቸው «ቆይ ካንዴላዋን ላጽዳና» ይሏታል። ያ ሞተር ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቱ አድጋ ሐዋሳ ሥራ ያዘች፣ የራሷን ሞተር ገዛች፤ የአባቷ ሞተር አሁንም እዚያው። ዘንድሮ ግን፣ ጉድ በሉ፣ ተነሳ! ጋሽ ወንድይፍራውም ለአሮጌ ሞተሮች የጽናት ጉዞ ተመዘገቡ። ደንቡ የቀይ አፈርን ዳገት ሳይቆሙ መውጣት ነው። ሞተሩ ዳግመኛ መቼ እንደሚነሳ ፈጣሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ብርቄ ዛሬ ካላየች በቃ፣ አላየችም።

ታዲያ ብርቄና የሞተር ማኅበሯ ይህን ጉድ ለማየት በጠዋት ከሐዋሳ ተነሱ። መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ከተማ ገብተው ፉል በሉ። በልተው ሲወጡ፣ ብርቄ ሞተር ላይ ፍየል ወጥታለች። ወጥታም እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«ውረጂ እንጂ፣ ልሄድ ነው» አለቻት ብርቄ።

«ውሻ ሳይጮህብኝ አልወርድም» አለች ፍየሏ። «በዘሬ በልመና የወረደ የለም።»

ጎትታ ታውርዳት የምትሉ አላችሁ አይደል? የሰው ፍየል ነክታችሁ አታውቁም ማለት ነው! ቀንዷ ቢሰበር ባለቤቷ መንደሩን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ከሰው ኋላ ትፈናጠጥ የምትሉም ተዉኝ፤ የሁሉም ኋላ በሚስትና በስንቅ ተሞልቷል። ጓደኞቿም ጥለዋት እንዳይሄዱ የማኅበሩ ሕግ አለ፤ አብሮ የወጣ አብሮ ይገባል። ስለዚህ ሞተራቸውን አጥፍተው ተደርድረው ቆሙ።

ብርቄ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወደተኛ ውሻ ሮጠች። «ውሻዬ፣ እባክህ ጩህባት! ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

ውሻው አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ዘበኛው ሳያዘኝ አልጮህም። እኔ የመሥሪያ ቤት ውሻ ነኝ።»

ወደ ዘበኛው ሮጠች። «ወንድሜ፣ ውሻውን እዘዘው! ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

«በባዶ ሆዴ ማንን ልዘዝ?» አለ ዘበኛው። «ሚስቴ ቁርሴን ሳታመጣ አላዝም።»

ወደ ሚስትየዋ ሮጠች። «እትዬ፣ ቁርሱን ይውሰዱለት! ዘበኛው አላዝ አለ፣ ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ቁርስ? ለእሱ? ተኳርፈናል እኮ! ትናንት ወጤን ጨው በዛበት አለኝ፣ ያውም በእህቱ ፊት! ሽማግሌ ሳያስታርቀን እንኳን ቁርስ ውኃም አልወስድለት።»

ወደ ሽማግሌው ሮጠች። «አባባ፣ ያስታርቋቸው! ሚስትየዋ ቁርስ አልወስድ አለች፣ ዘበኛው አላዝ አለ፣ ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ያለ ጋቢ?» አሉ ሽማግሌው፣ ሹራባቸውን እየጎተቱ። «ወግ አታውቂም እንዴ ልጄ? በሹራብ ብሸመግል ማን ይሰማኛል? ጋቢዬ ታጥቦ ያውና ገመድ ላይ። ሳይደርቅ አላስታርቅም።»

ወደ ጋቢው ሮጠች። ተረት ነውና ጋቢም ይናገራል፤ ምን ታፈጡብኛላችሁ? «ጋቢዬ፣ ድረቅልኝ! ሽማግሌው አላስታርቅ አሉ፣ ሚስትየዋ ቁርስ አልወስድ አለች፣ ዘበኛው አላዝ አለ፣ ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ደመናው ከፀሐይ ፊት ሳይነሳ አልደርቅም» አለ ጋቢው እየተንጠባጠበ።

ብርቄ አንገቷን ወደ ሰማይ አቀናች። «ደመናዬ፣ ተነሳልኝ! ጋቢው አልደርቅ አለ፣ ሽማግሌው አላስታርቅ አሉ፣ ሚስትየዋ ቁርስ አልወስድ አለች፣ ዘበኛው አላዝ አለ፣ ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

«እግር አለኝ እንዴ? ነፋስ ሳይገፋኝ አልነሳም» አለ ደመናው።

ነፋሱን ብትፈልገው ብትፈልገው፣ ከአስፋልቱ ዳር ቦይ ውስጥ ተኝቶ አገኘችው። «ነፋሴ፣ ንፈስልኝ! ደመናው አልነሳ አለ፣ ጋቢው አልደርቅ አለ፣ ሽማግሌው አላስታርቅ አሉ፣ ሚስትየዋ ቁርስ አልወስድ አለች፣ ዘበኛው አላዝ አለ፣ ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

«ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮ ስነቅል አድሬ» አለ ነፋሱ እያዛጋ። «እነዚያ ሞተሮች ባጠገቤ እያጓሩ ካላለፉ አልነቃም።»

ይሄማ ቀላል ነው ብላ ወደ ማኅበሩ መሪ ወደ ጋሽ ልሳኑ ሮጠች። «ጋሽ ልሳኑ፣ ሞተሮቹ ይሂዱልኝ! ነፋሱ አልነፍስ አለ፣ ደመናው አልነሳ አለ፣ ጋቢው አልደርቅ አለ፣ ሽማግሌው አላስታርቅ አሉ፣ ሚስትየዋ ቁርስ አልወስድ አለች፣ ዘበኛው አላዝ አለ፣ ውሻው አልጮህ አለ፣ ፍየሏ አልወርድ አለች፣ አባቴ ሊያመልጠኝ ነው!»

ጋሽ ልሳኑ ደረታቸውን መቱ። «አንቺን ጥለን? በጭራሽ! ፍየሏ ትውረድና አብረን እንሄዳለን።» ማኅበርተኛውም «ልክ ነው! ብርቄን ጥለን አንሄድም!» ብሎ አጨበጨበ።

አያችሁ ፍቅር ሲበዛ? ዞሮ ዞሮ እዚያው ፍየሏ ላይ! ብርቄ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች። ፍየሏ ታመሰኳለች። ሰዓቱ ይነጉዳል። ብርቄ ብዙ አለቀሰችና እንባዋን ጠርጋ ተነሳች።

«ጋሽ ልሳኑ፣ ሂዱ» አለች።

«ሕጉስ ልጄ?»

«ሕጉ እኔን ለመጥቀም ከሆነ፣ ዛሬ ለእኔ ሲባል ይቅር። እኔ ባላያቸው እንኳ አባቴ ዳገቱ ላይ የእኔ የሚሉት ሰው አይጡ። ቁሙላቸውና ‹ብርቄ በርቱ ብላለች› በሉልኝ።»

ጋሽ ልሳኑ ሄልሜታቸውን አጠለቁ፤ ሞተራቸውን አስነሱ።

እንግዲህ ያዙኝ! ሞተሮቹ እያጓሩ ሄዱ። ነፋሱ ደንግጦ ነቃ። ነቅቶም ደመናውን ገፋ። ደመናው ከፀሐይ ፊት ተነሳ። ፀሐይዋ ጋቢውን አደረቀች። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ደርበው ባልና ሚስቱን አስታረቁ፤ ዘበኛውም «ጨው ልክ ነበረ፣ ምላሴ ነው ያሳሳተኝ» ብሎ ማለ። ሚስትየዋ ቁርስ ወሰደችለት። ዘበኛው በልቶ ውሻውን አዘዘ። ውሻው ጮኸ። ፍየሏም «እንዲህ በወግ ሲሆን ማን እምቢ ይላል?» ብላ ወረደች።

መቀመጫው ላይ በጠጧን ጥላለች። ብርቄ ለመጥረግ ጊዜ የላትም፤ እላዩ ላይ ቁጭ ብላ ነዳችው።

ዳገቱ ላይ ስትደርስ ማኅበርተኞቿ ተደርድረው ቆመዋል።

«አባቴስ?»

«ሁሉም አልፈዋል» አሉ ጋሽ ልሳኑ። «እሳቸውን ግን አላየናቸውም።»

ያው አንድ ቦታ ከሞተሩ ሥር ተኝተዋል ማለት ነው አለች ብርቄ በልቧ።

በዚህ መሀል ከታች ጭስ ታየ። ከጭሱ ኋላ ድምፅ መጣ፤ ሳል ያለበት ድምፅ። ከድምፁ ኋላ ጋሽ ወንድይፍራው መጡ። ከሞተሩ ሥር አይደለም፣ ከላዩ! ወገባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ጎማው እየዞረ!

ልጃቸውን አዩ። ፊታቸው በራ፤ እጃቸውም ወደ ፍሬኑ ሄደ። ሰው አይቶ፣ ያውም ልጁን አይቶ፣ ሳይወርድና ሳይስም የሚያልፍ አለ? ሞተሩ ተንገዳገደ።

«እንዳትቆም አባዬ!» ብላ ብርቄ ከጎናቸው መሮጥ ጀመረች። «እየሄድክ ጠይቀኝ!»

«ብርቄዬ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ!»

«ጤናሽስ?»

«ደህና ነው! ንዳው!»

«ሥራሽስ? አከራይሽስ? ማኅበርተኞችሽስ?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» አለ ዳገቱ ላይ ያለ ሰው በሙሉ። ጋሽ ወንድይፍራውም እየጠየቁ፣ እየጠየቁ፣ ዳገቱን ጨርሰው ወዲያ ማዶ ወረዱ።

አንዲት ሴትዮ ብርቄ መንገድ መሀል ቆማ ስታለቅስ አይታ ከንፈሯን መጠጠች። «ወይ ጭካኔ! ልጁን አይቶ ሳይቆምላት አለፈ?»

«አልቆመም!» አለች ብርቄ፣ እየሳቀች እያለቀሰች። «እልል በሉልኝ እንጂ፣ አባቴ አልቆመም!»

ተረቴ ይኸው ነው። በሉ አሁን ውኃ አቀብሉኝ፤ በፍየል ምክንያት ጉሮሮዬ ደረቀ።