አንድ አልጋ ለትርንጎ

ልንገራችሁ ስል «ንገሪን» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው እግራችሁን ሰብሰብ፣ ጆሯችሁን ቀና አድርጉ። ጥርሱን የሚፍቅም ካለ መፋቂያውን ያስቀምጥና ይስማ።

በአንዲት ከተማ፣ ወፍጮ ሰፈር በሚሉት ሰፈር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ጎሹ የጭነት መኪና ረዳት ነው። ጎሹ ወደ ቤት ሲገባ ድመቷ እንኳ በመስኮት ትወጣለች። አንድ ሌሊት እንደ ልማዱ ደበደባት። ግራ ዓይኗን አሳበጠው፣ ክንዷን ጠመዘዘው፣ ሲነጋጋም «ማታ ስመለስ እጨርስሻለሁ» ብሎ መኪናው ላይ ወጥቶ ሄደ። ትርንጎ ፊቷን ታጠበች፣ ሕፃን ልጇን አዘለች፣ ነጠላዋን ደረበችና ወጣች። የፈለገችው ነገር ትልቅ አይደለም። ቤት አላለችም፣ ወርቅ አላለችም። ጎሹ ሳይመለስ አንድ አልጋ ብቻ፣ ከውስጥ የሚቀረቀር በር ያለው ክፍል ውስጥ። እዚያ ላይ ሳትሰቀቅ መተኛት አማራት። በቃ፣ ይኸው ነው።

የተደበደቡ ሴቶች የሚያርፉበት መጠለያ እንዳለ አንዲት ሴት በጆሮዋ ነግራታለችና እዚያ ሄደች። የመጠለያው ኃላፊ በሩን ገርበብ አድርጋ አየቻት። «አልጋማ አለ፣ የኔ እህት» አለች። «አንሶላውም ዛሬ ነው የታጠበው። ግን ሴቶች ጉዳይ ካልላከችሽ መክፈት አልችልም።» መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሄደች ወደ ሴቶች ጉዳይ። የቢሮዋ ሴት ገና ስታያት ከወንበሯ ተነሳች። «ውይ ዓይንሽን፣ ምን ዓይነት ሰው ነው? ቁጭ በይ። ኧረ አትቀመጪ፣ ጊዜ የለሽም። ለፖሊስ ካላመለከትሽ እኔ አልልክሽም፣ ቶሎ ሂጂ።» ሴቶች ጉዳይ ያለ ፖሊስ አልልክም አለች፣ መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሄደች ወደ ፖሊስ። «አምንሻለሁ» አለ ፖሊሱ፣ «ዓይን አለኝ እኮ። ግን ሐኪም ሳያይሽ ባልሽን ብይዘው፣ በር መቷት ነው ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?» «በራችን ቡጢ የለውም፣ ወንድሜ» አለች ትርንጎ። «እሱንም ሐኪሙ ይበለው» አላት። ፖሊስ ያለ ሐኪም አልይዝም አለ፣ ሴቶች ጉዳይ ያለ ፖሊስ አልልክም አለች፣ መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሄደች ወደ ሐኪም። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ደግ ነው፣ እጁንም ታጥቦ ጨርሷል። «ነይ ልይሽ። ካርድሽስ?» «ካርድ የለኝም፣ ዶክተር።» እጁን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ያለ ካርድ ባይሽ እኮ እንዳላየሁሽ ነው የሚቆጠረው» አላት። ሐኪም ያለ ካርድ አላይም አለ፣ ፖሊስ ያለ ሐኪም አልይዝም አለ፣ ሴቶች ጉዳይ ያለ ፖሊስ አልልክም አለች፣ መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሄደች ወደ ካርድ ክፍል። በትንሿ መስኮት አንድ እጅ ብቅ አለ። «መታወቂያ።» «ባሌ ሳጥን ውስጥ ቆልፎበታል፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ ነው የሚያስረው» አለች ትርንጎ። «እንግዲያው ባልሽን ይዘሽው ነያ።» ትርንጎ ጎንበስ ብላ በመስኮቷ አየቻት። የካርዷ ሴት ቀና ስትል ያበጠውን ዓይን አየች፣ ከአፏ የወጣውንም ያኔ ሰማችው፣ ፊቷ ልውጥ አለ። «ይቅር በይኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «ቀበሌ ሌላ ይስጥሽ።» ካርድ ክፍል ያለ መታወቂያ አላወጣም አለች፣ ሐኪም ያለ ካርድ አላይም አለ፣ ፖሊስ ያለ ሐኪም አልይዝም አለ፣ ሴቶች ጉዳይ ያለ ፖሊስ አልልክም አለች፣ መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነቅታለች፣ ደግማም ተኝታለች። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። ጎሹም የሆነ መንገድ ላይ ፊቱን ወደ ቤት አዙሯል።

ሄደች ወደ ቀበሌ። የቀበሌው ሰውዬ ከፋይሉ ቀና ሳይል «ይሰጥሻል» አለ። ደስታዋ አፏ ድረስ ሳይደርስ ቀጠለ። «ሦስት ጎረቤት መጥቶ፣ እናውቃታለን፣ የኛው ናት ካለልሽ።» ቀበሌ ያለ ጎረቤት አልሰጥም አለ፣ ካርድ ክፍል ያለ መታወቂያ አላወጣም አለች፣ ሐኪም ያለ ካርድ አላይም አለ፣ ፖሊስ ያለ ሐኪም አልይዝም አለ፣ ሴቶች ጉዳይ ያለ ፖሊስ አልልክም አለች፣ መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሄደች ወደ ጎረቤት። ወፍጮ ቤቱ ጥላ ሥር እትዬ ጠጄና ሴቶቹ ምስር ይለቅማሉ። ትርንጎን ሲያዩ የሁሉም እጅ ቆመ። «ሌሊት እንሰማለን፣ ልጄ» አለች እትዬ ጠጄ። «ትራስ ጆሯችን ላይ እያደረግን እንሰማለን። ግን ሦስታችን ወጥተን ብንመሰክር፣ ጎሹ ነገ የሦስታችንን በር ለይቶ ያውቀዋል። እኔ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ። እድር ከጠራን ግን ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ሁሉ ከወጣ ማንን ለይቶ ይጣላል?» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ዓይናቸውን ግን ከምስሩ አላነሱም። ጎረቤት ያለ እድር አልወጣም አለ፣ ቀበሌ ያለ ጎረቤት አልሰጥም አለ፣ ካርድ ክፍል ያለ መታወቂያ አላወጣም አለች፣ ሐኪም ያለ ካርድ አላይም አለ፣ ፖሊስ ያለ ሐኪም አልይዝም አለ፣ ሴቶች ጉዳይ ያለ ፖሊስ አልልክም አለች፣ መጠለያ ያለ ሴቶች ጉዳይ አልከፍትም አለ። ደከማችሁ? ትርንጎ ደግሞ ይህን ሁሉ በእግሯ ነው የሄደችው፣ ልጅ አዝላ። አልጋው እዚያ፣ ትርንጎ እዚህ።

ሄደች ወደ እድሩ ጥሩምባ ነፊ፣ ወደ ጋሽ ወዳጆ። ጋሽ ወዳጆ ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው ጥሩምባቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

«ጋሼ፣ ጥሩምባውን ይንፉልኝ» አለች።

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው አይነፋም። ይሄ የመርዶ ጥሩምባ ነው እንጂ የሠርግ መኪና አይደለም።»

ትርንጎ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። እግሯ አልቋል፣ ልመናዋም አልቋል። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እኔ ብሞትስ፣ ጋሼ?»

«እንዴታ። አባል አይደለሽ? አሳምሬ ነው የምነፋልሽ።»

«ሰውስ ይመጣል?»

«አንድ አይቀርም። የቀረ ይቀጣል።»

«እንግዲያው የኔን አሁን ይንፉልኝ» አለች ትርንጎ። «ስሞት ቢነፉልኝ አልሰማውም። የሞትኩ ለት ደግሞ ዝም ይበሉ፣ ድርሻዬን ወስጃለሁ።»

ጋሽ ወዳጆ መወልወሉን ተዉት። ያበጠውን ዓይን አዩ፣ በጀርባዋ ያለችውን ሕፃን አዩ። ስንቱን ሰው በዚህ ጥሩምባ ሸኝተዋል፣ አንዱም ተነስቶ ንፉልኝ ብሏቸው አያውቅም። ብድግ አሉ። ኮታቸውን ለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ደፉ፣ ደጃቸው ያለው ጉብታ ላይ ወጡና ጉንጫቸውን ነፍተው ነፉት።

ወይ ጉድ። ወፍጮው ቆመ። ወንዶቹ ምሳቸውን ጥለው ወጡ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው መጡ፣ ጎረምሶቹ የድንኳን ካስማ ተሸክመው ሮጡ። እትዬ ጠጄማ የሞተውን ሳታውቅ ማልቀስ ጀምራለች።

«ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ ወዳጆ። «ትርንጎ ናት፣ ገና አልሞተችም። ነገ ልትቀብሯት ከምትወጡ፣ ዛሬ አብራችኋት ቀበሌ ውጡ ብዬ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ትርንጎ ዞረ። ትርንጎ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ለወትሮው በነጠላ የምትሸፍነውን ዓይን ሰፈሩ በሙሉ በቀን ብርሃን አየው።

«ድንኳኑን እንመልሰው?» አለ አንዱ ካስማ ተሸካሚ።

«ያዘው» አለች እትዬ ጠጄ እንባዋን እየጠረገች። «ቀበሌው እንቢ ካለ ደጁ ላይ እንተክላለን።» ብላም ከፊት ቀደመች፣ ያቺ ብቻዬን የምኖር ሴት ነኝ ያለችው።

አሁን ተመልከቱ፣ ክሩ ሲተረተር። ጥሩምባው ተነፋና እድሩ ወጣ። እድሩ ወጣና ጎረቤቱ መሰከረ፣ ሦስት ቢባል ግቢውን ሞልቶ። ጎረቤቱ መሰከረና ቀበሌው መታወቂያ ሰጠ፣ ያን ጊዜ ሰውዬው ከፋይሉ ቀና ብሏል። ቀበሌው መታወቂያ ሰጠና የካርዷ ሴት ካርድ አወጣች፣ እጇንም ይዛ ራሷ ሐኪሙ ዘንድ አደረሰቻት። ካርዱ ወጣና ሐኪሙ አያት፣ ዓይኗን አጠበ፣ ክንዷን አሰረ። ሕዝቡ ወደ ፖሊስ ሊነሳ ሲል ሐኪሙ በመስኮት ያን ሁሉ ሰውና ካስማ አየና ስልኩን አነሳ። «እሷ ወደዚያ አትመጣም» አለው ፖሊሱን፣ «አንተ ወደዚህ ና።» ፖሊሱ መጣ። እሱም ለሴቶች ጉዳይ ደወለ፣ «አንቺም ነይ» አላት። መጣች። እሷም ለመጠለያው ደወለች። ለካ ሁሉም የሁሉም ስልክ ነበረው።

ሦስቱ በአንድ ክፍል ሲገናኙ አፈሩ። «ሌላዋ ስትመጣ» አለች የሴቶች ጉዳይዋ፣ «እሷ ትቀመጥ፣ እኛ እንዙር።» ፖሊሱም ባልደረቦቹን ይዞ ወጣ፣ ጎሹንም ገና ከመኪናው ሳይወርድ ተቀበሉት።

የመጠለያው ቦታ ለሁሉ አይነገርምና ሰፈርተኛው ትርንጎን እስከ መታጠፊያው ሸኝቶ ተመለሰ። በሩ ተከፈተ። አልጋው አለ፣ አንሶላውም አለ። ትርንጎ ልጇን ከግድግዳው በኩል አስተኛቻት፣ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው፣ ጫማዋን አወለቀች።

የመጠለያው ኃላፊ ከውጭ አንኳኳች። «ትርንጎ፣ ራት ላምጣልሽ?»

ደግማ አንኳኳች።

«ትርንጎ?»

ጆሮዋን በሩ ላይ ብታደርግ፣ ሁለት ትንፋሽ ሰማች፣ አንድ ትንሽ፣ አንድ ትልቅ። ሳህኑን ይዛ በእግሯ ጣቶች እየረገጠች ተመለሰች።

እኔም አፌን ዘጋሁ። እናንተም ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ርገጡ፣ ትርንጎ ተኝታለች።